ትርፍ ዓረፍተ ነገር ለመልቀም 2,400 ብር፦ የከዚራው የአንቀጽ ትምህርት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሚሰጠውን፣ ከአንቀጽ ውስጥ ትርፍ ዓረፍተ ነገር መለየት የሚያስተምረውን የቅዳሜና እሑድ የአንቀጽ ትምህርት ያለፈውን ዙር ተምሬ ጨርሻለሁ። ብዙ ሰው እየደወለ «ይጠቅማል ወይ?» ስለሚለኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ባጭሩ፣ ከትምህርቱ ክፍሎች ሦስተኛው ብቻውን የከፈልኩትን ብር ያወጣል። ሁለተኛው ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ግን ተማሪ ላልሆነ ሰው ያሰለቻል። ክፉውንም ደጉንም ስለምናገር የማሠልጠኛውን ስም አልጽፍም። ድሬ ትንሽ ከተማ ናት፤ የፈለገ ጠይቆ ያገኘዋል።

እኔ ፍርድ ቤት አጠገብ ጠረጴዛ ይዤ ማመልከቻና አቤቱታ የምጽፍ ሴት ነኝ። ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ እኔ ካወራው ውስጥ ለዳኛው የሚሆነውን እለይና ቀሪውን እተወዋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከወጣበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ አቤቱታ ለክሱ መሠረት የሆነውን ፍሬ ነገር ብቻ ባጭሩ እንዲይዝ ያዛል። ሕጉ ይህን ይላል፤ ደንበኛዬ ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብሎ ከአያቱ ይጀምራል። ሌላም ጉድ አለ። በእኛ ሙያ ብዙው ሰው የሚያስከፍለው በገጽ ነው፤ ስለዚህ ትርፍ ዓረፍተ ነገር ገንዘብ ነው። ትርፉን ማውጣት ለመማር ከኪሴ መክፈሌን ሲሰሙ «ምን ነካት?» ያሉ ባልደረቦች አሉኝ። ይህንንም እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ ሰላም ብያለሁ።

ትምህርቱ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሰዓቱን የመረጠው ሰው ድሬን ያውቃታል፤ ከቀትር በኋላ እንኳን አንቀጽ፣ የራስን ስም መጻፍ የሚከብድበት ወር አለ። ክፍያው ለሁለት ወር 2,400 ብር ሲሆን ጥራዙም በዚያው ውስጥ ነው። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው። ከሁለቱ የጣሪያ ማራገቢያዎች አንደኛው ይዞራል፣ ሌላኛው ይንጫጫል። መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ እንወጣለን፤ እውነቱን ለመናገር የባጃጁ ጩኸት ባይኖር በረንዳው ይሻል ነበር። ጥራዙ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ አንዳንዱ ገጽ ላይ የዓረፍተ ነገሮቹ ቁጥር አይነበብም። «የትኛው ቁጥር ነው?» ለሚል መልመጃ ቁጥሩ ካልታየ ምን ቀረ? ለአስተማሪው ስንነግረው ንጹሑን በቴሌግራም ላከልን፤ ከዚያ ወዲያ ብዙዎቻችን በስልክ ነበር የምንከታተለው።

ከተማሪው ግማሹ የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ልጅ ነው። ቀሪዎቹ ሪፖርት የሚጽፉ የመንግሥት ሠራተኞች፣ አንድ የባንክ ልጅ፣ አንዲት ነርስ እና እኔ ነን። አስተማሪው ከመሀል አገር የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ድሬዎች ነን፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ሳይቀር «ቲቸር፣ አንተ እኮ…» ብሎ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር፤ አሁን ራሱም «አቦ» ይላል።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። አንድ አንቀጽ ይሰጣችኋል። ዓረፍተ ነገሮቹ ቁጥር አላቸው፤ ከመሀላቸው አንዱ የዚያ አንቀጽ አይደለም። አስተማሪው ይህን «ሰርጎ ገብ» ይለዋል፤ እኔም እንደሱ ልበለው። መጀመሪያ ያሳየን ጥያቄው በየአገሩ ፈተና ላይ እንዴት እንደሚመጣ ነው፤ ይህን ወድጄዋለሁ። ሱኑንግ የሚባለው የኮሪያ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በእንግሊዝኛው ክፍል መነሻውን ይሰጥና ከተከታዮቹ አምስት ዓረፍተ ነገሮች የአንቀጹን ፍሰት የሚሰብረውን አውጡ ይላል። የቱርክ የውጭ ቋንቋ ፈተና 80 ጥያቄ አለው፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ ለዚሁ የተተዉ ናቸው፣ ተፈታኙ ዓይኑ ደክሞ በሚደርስበት ቦታ። የሕንዱ የማኔጅመንት ትምህርት መግቢያ ፈተና፣ ካት፣ ደግሞ ይብሳል። አምስት ዓረፍተ ነገር አዘበራርቆ ይሰጣል፤ አራቱ ሲስተካከሉ አንድ አንቀጽ ይወጣቸዋል፣ አምስተኛው ይተርፋል። መርጦ የሚከበብ ነገር የለም፤ የተረፈውን ቁጥር ራስህ ትጽፋለህ። አንቀጹን በአእምሮህ ሳትገነባ የተረፈውን ማወቅ አትችልም ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን እኛም በአማርኛ ሞክረነዋል፤ የክፍሉ ጸጥታ ያን ቀን የተለየ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍል ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው። ሁላችንም በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን ይደግማል፦ አንቀጽ ዋናውን ሐሳብ የሚይዝ ኃይለ ቃል አለው፣ ዝርዝሮቹ እሱን ያብራራሉ፣ ይህን የማያደርግ ዓረፍተ ነገር የአንቀጹን አንድነት ያፈርሳል። ከዚያ መልመጃ ይመጣል። ስለ ጁገል፣ በግንብ ስለታጠረው የሐረር ጥንታዊ ከተማ፣ የተጻፈ አንቀጽ ነበር። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን መሠራቱን፣ አምስት ጥንታዊ በሮች እንዳሉት፣ ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ይናገርና መሀል ላይ «የሐረር ቡና በልዩ ጣዕሙ በዓለም ገበያ ይታወቃል» ይላል። የባንኩ ልጅ አንብቦ ሳይጨርስ ጣቱን ቡናው ላይ አሳረፈ። ለዚህ ማንም ገንዘብ መክፈል የለበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚያስይዘው ልማድ ነው። ልጆቹ ሐሳቡን መከተል ይተዉና ባዕድ ቃል ማደን ይጀምራሉ። ግንብ፣ በር፣ ግንብ፣ ቡና፤ ቡናን አውጣ። ጥያቄ የሚያወጣው ሰው ይህን ልማድ ያውቀዋል፤ ወጥመዱንም የሚዘረጋው እዚያው ላይ ነው።

ቀና ብዬ የተቀመጥኩት ሁለተኛው ክፍል ሲጀመር ነው። ስለ ድሬዳዋ አመሠራረት አንድ አንቀጽ አለ፤ እንዳለ ልገልብጠው፦

«(1) ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ ሐረር መውጣት ስላልቻለ ነው። (2) ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲደርስ ነበር። (3) ሐረር ግን ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። (4) ስለዚህ ሐዲዱ ተራራውን ትቶ በሜዳው በኩል አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ቦታ ላይም ጣቢያ ተሠራ። (5) አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። (6) በጣቢያው ዙሪያ የባቡሩ ሠራተኞች ሰፈሩ።»

ከክፍሉ የሚበዛው ሦስተኛውን አወጣ። «ስለ ባቡር እያወራን ከፍታ ምን ያገባዋል? ይሄ ጂኦግራፊ ነው» ተባለ። አስተማሪው መልሱን አልተናገረም። «እሺ፣ ሦስትን ሰርዙትና ጮክ ብላችሁ አንብቡ» አለ። አነበብነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር፤ ስለዚህ ተራራውን ትቶ በሜዳው አለፈ። ስለዚህ? በምን ምክንያት? አራተኛው ላይ ያለው «ስለዚህ» የሚይዘው አጥቶ አየር ላይ ቀረ። ሦስተኛው የፈለገውን ያህል ጂኦግራፊ ቢመስል ምክንያቱን የተሸከመው እሱ ነው። ቀጥሎ አምስትን አስሰረዘን። አራትና ስድስት ወዲያው ተያያዙ፤ ጣቢያ ተሠራ፣ በጣቢያው ዙሪያ ሠራተኞቹ ሰፈሩ። አምስት በቦታው ሳለ ግን «በጣቢያው» የሚለው ቃል የሚያመለክተው አዲሱን ጣቢያ ነበር። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የሰፈሩት ሠራተኞች ትናንት በተሠራ ጣቢያ ዙሪያ ሊሰፍሩ ነው! ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፣ የድሬ ነው፣ የባቡር ነው፣ የጣቢያ ነው። ግን ከጎረቤቱ አፍ ቃሉን ነጠቀ።

ሰርጎ ገብ አንቀጹን የሚያበላሸው በዚህ መንገድ መሆኑን ተነግሮኝ አያውቅም ነበር። ራሱ ትርፍ ከመሆኑ በላይ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ይለውጠዋል። በአማርኛ ደግሞ ይህ ይብሳል፤ ባለቤቱን ግሡ ውስጥ ስለምንደብቀው። ነርሷ ከሥራዋ ያመጣችው ምሳሌ ክፍሉን በሳቅ ገደለው፦ «ታካሚው ማታ ትኩሳት ነበረው። ወንድሙ ከሐረር መጥቷል። መድኃኒቱን ወስዶ ተኝቷል።» ማን ነው መድኃኒቱን የወሰደው? በዚህ ሪፖርት መሠረት ወንድሙ ነው። የወንድሙን ዓረፍተ ነገር ብታወጡት ታካሚው መድኃኒቱን መልሶ ያገኛል።

ከዚህ ክፍል የወሰድኩት መፈተኛ ይህ ነው፦ የጠረጠርከውን ሰርዝ፣ ግራና ቀኙ ሳይደናቀፉ መያያዛቸውን በድምፅ አንብበህ እይ። «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ይህም»፣ «ሆኖም»፣ በስሙ መጨረሻ ላይ የምትለጠፈው «ው» ወይም «ዋ»፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ኋላ የሚያዩ ናቸው፤ ያዩት ነገር እዚያ ከሌለ የሰረዝከው የሚያስፈልገውን ነው። «ደግሞ» ላይ ጥርጣሬ ይኑርህ ይላል አስተማሪው፤ ምንም ነገር በዚያ በር ይገባል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ድሬ ውስጥ ያለ «ደግሞ» ማን ዓረፍተ ነገር ይጀምራል?

ሦስተኛው ክፍል ላይ የቃል ዝምድና ጨርሶ አይረዳም። ሰርጎ ገቡ ሰርግ ቤት ሳይጠራ እንደሚገባ ሰው አለባበሱ ከሁሉም ያማረ ነው። ስለ ቀትር የተጻፈው አንቀጽ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የድሬ ሱቆች ቀትር ላይ ይዘጋሉ ይላል፤ ሙቀቱ ገዢውንም ሻጩንም ከመንገድ እንደሚያስወጣ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ እንደሚያርፍ፣ የድሬ ሱቆች ከጅቡቲ በሚመጣ ዕቃ እንደሚታወቁ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ገበያው እንደገና እንደሚሟሟቅ ይናገራል። «ድሬ» አለ፣ «ሱቆች» አለ፤ በቃል አደን የመጣ ልጅ አራተኛውን አልፎት ይሄዳል። እንዲያውም አንዷ «ሰው ቤቱ ገብቶ ያርፋል» የሚለውን አወጣች፤ «ሱቅ» የሚል ቃል ስለሌለው።

እዚህ ላይ አስተማሪው ጥያቄውን ለወጠብን። «ስለ ምን ያወራል?» ማለት ቀረና «እዚህ ምን ሥራ ይሠራል?» ሆነ። ከየዓረፍተ ነገሩ ጎን በእርሳስ ሥራውን ትጽፋለህ፦ ምክንያት፣ ውጤት፣ ምሳሌ፣ ማነጻጸሪያ፣ ገደብ። የሚጻፍለት ሥራ ያጣ፣ ወይም ለሌላ አንቀጽ የሚሠራ ሆኖ የተገኘ፣ እሱ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ ስለ ቀትሩ መዘጋት ምክንያትም ውጤትም አይደለም። ሥራ የለውም።

ይህን እንደሰማሁ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉት ወረቀቶች ትዝ አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ አቤቱታ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው እንዳይታወቅ ስሙንም ቁጥሩንም ቀይሬዋለሁ፦

«የአባቴ የአክስት ልጅ የሆነው፣ በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ቤቱ ሲፈርስ እኔ ዘንድ ተጠግቶ የኖረው ተከሳሽ፣ መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በተጻፈ የብድር ውል 60,000 ብር ወስዶ በስድስት ወር ውስጥ ሊመልስ ሲገባው አልመለሰም።»

ስንት ዓረፍተ ነገር ነው? አንድ። ታዲያ ሰርጎ ገቡ የት ይደበቃል? እዚያው አንዱ ውስጥ። ጥራዙ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛው መልመጃ አምሳያ ስለሆነ ሰርጎ ገብ ሁልጊዜ ከአራት ነጥብ እስከ አራት ነጥብ ያለ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው ብሎ ያስባል። የእኛ ቋንቋ ግን ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ አድርጎ ከፊቱ «የሆነው፣ የነበረው፣ ያደረገው» እያለ የፈለገውን ያህል ይደረድራል። አቤቱታ ውስጥ ትርፉ የሚገባው በእነዚህ «የ» በሚጀምሩ ሐረጎች ነው፤ ነጥብ ስለሌለው ማንም ቁጥር አይሰጠውም። አስተማሪው ይህን ወደደው፤ ሰሌዳ ላይ ጻፈውና ሐረጎቹን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጣቸው። የቀረው ጠዋት በእሱ አለቀ።

የአክስት ልጅነቱ ምን ይሠራል? የብድር ክስ ነው፤ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይናገራል። ስለዚህ «በተጻፈ የብድር ውል» የሚለው ሥራ አለው፣ እንዲያውም ዋናው ምሰሶ እሱ ነው። ቀኑ ሥራ አለው፣ መመለሻ ጊዜውም እንዲሁ። ዝምድናውና ጎርፉ ግን ደንበኛዬን ያስለቅሱታል እንጂ ለዳኛው ምንም አይሠሩም። የባንኩ ልጅ ወዲያው «ይሰረዙ» አለ። እኔም ሰርዣቸው ነበር።

ነርሷ ግን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች፦ «እነዚሁ ሐረጎች የሚያስፈልጉበት ማመልከቻ የለም?» አለ እንጂ! ያው ተከሳሽ የተባለው ሰውዬ ሞቶ እሱን ለመውረስ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚጠየቅ ቢሆን የአክስት ልጅነቱ የነገሩ ሁሉ ሥር ይሆናል። በጎርፉ የቤቱ ካርታ ጠፍቶበት ምትክ ካርታ የሚያመለክት ቢሆን ጎርፉ ከነዓመቱ ይገባል። ሐረጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚጠየቀው ዳኝነት፣ ማለትም እንዲወሰንልን የምንለምነው ነገር፣ ነው። አቤቱታ ውስጥ ደግሞ የሚጠየቀው ዳኝነት የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ስለዚህ እኔ ሰርጎ ገብ ስፈልግ የማነበው ከታች ነው። ትምህርት ቤት ኃይለ ቃልን መጀመሪያ ላይ ፈልጉ ይላል፤ መሀልም መጨረሻም ሊሆን እንደሚችል ይናገርና መልመጃው ሁሉ ላይ ግን መጀመሪያ ያደርገዋል። በጥራዙ ውስጥ ኃይለ ቃሉ መጨረሻ ላይ የሆነ አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ይህ ጉድለት ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ ጽፎ ይዟል።

ከዚህ የከረረ ክርክር ያደረግነው በሐረር ታክሲዎች ነው። አንቀጹ አጭር ናት፦ «(1) ሐረር በአሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎቿ ትታወቃለች። (2) ታክሲዎቹ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ ናቸው። (3) በጁገል ውስጥ ብዙዎቹ መንገዶች ጠባብ ናቸው። (4) ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ግን ለፔጆዎቹ ተፎካካሪ ተነሣባቸው።» የመልሱ ወረቀት ሦስት ይላል። እኔ እጄን አወጣሁ። ፔጆ በማይገባበት ባጃጅ ይገባል፤ ጠባቡ መንገድ የፉክክሩ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ሥራ አለው አልኩ። «አንቺ ነሽ እንጂ አንቀጹ ይህን የት ይላል?» አለኝ አስተማሪው። እውነት ነው፤ አይልም። ግን ጸሐፊው ያለ ምክንያት አላስገባውም፤ ምክንያቱን መጻፍ ነው የረሳው። በዕረፍት ሰዓት ታች ባለችው ሻይ ቤት ባጊያ እየበላንም አላቆምንም። በመጨረሻ ግማሽ መንገድ መጣልኝ፤ ለፈተና ከሆነ ሦስትን ክበቡ፣ ሌላ የሚከበብ የለምና፤ ለአርትዖት ከሆነ ግን ሁለት መድኃኒት አለ፣ አንዱ መሰረዝ ነው፣ ሌላው የጠፋውን ጎረቤት መጻፍ። ከሦስት ቀጥሎ «ባጃጅ በእነዚህ መንገዶች በቀላሉ ይሽሎከሎካል» ብትሉ ሰርጎ ገቡ ባለቤት ሆኖ ይቀመጣል።

ለትምህርቱ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው። ጥራዙ የሚያውቀው መሰረዝ ብቻ ነው። ጎረቤቱ የጠፋበትን ዓረፍተ ነገር ትርፍ ከሆነው አይለይም። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ይህ ዋዛ አይደለም። አንዲት እናት የአጥር ክርክር ይዘው መጥተው ግቢያቸው ውስጥ ስላለ የኒም ዛፍ ደጋግመው ያነሡልኝ ነበር። ዛፉን ባላቸው እንደተከለው፣ ከሥሩ ተቀምጠው ቡና ይጠጡ እንደነበር ይናገራሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ናፍቆት ነው ብሎ ይሰርዘዋል። «እማ፣ ዛፉን ለምን ትነግሪኛለሽ?» አልኳቸው። «አጥሩ እኮ ከሱ ውጭ ነበር!» አሉኝ። የጠፋችው ዓረፍተ ነገር ይህች ናት። ዛፉ የድሮው ወሰን ምልክት ነበር፤ እሳቸው ሁላችንም የምናውቀው መስሏቸው አልተናገሩትም። ስለዚህ ከመሰረዜ በፊት ባለጉዳዩን «ይህን ለምን ነገርከኝ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፈተና ላይ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሥራ ላይ ግን አለ፤ ትምህርቱ ለሠራተኞችም ነው እስከተባለ ድረስ ይህ ልዩነት ጥራዙ ውስጥ መግባት ነበረበት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ቁጥሩ ነው። እያንዳንዱ መልመጃ አንድ ሰርጎ ገብ አለው፣ አንድ ብቻ። ይህ ጥያቄ ለማውጣት ይመቻል፤ ለአንባቢ ግን የተሳሳተ መተማመን ይሰጣል። አንዱን ያገኘ ልጅ ማንበብ ያቆማል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ላይ አንዱ አንቀጽ ሦስት ይኖሩታል፣ ሌላው አንድም አይኖረውም። ይህን ስንል አስተማሪው አንድ እሑድ ምንም ሳያስጠነቅቅ ሰርጎ ገብ የሌለበት አንቀጽ አምጥቶ ሰጠን። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር አወጣ፣ ማስረጃም አቀረበለት! ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ አንዷ ብቻ ባዶ ወረቀት መለሰች፤ «ሁሉም ይሠራል» ብላ። እኔ ከክፍሉ ሁሉ በላይ የማደንቃት ተማሪ እሷ ናት።

በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ክፍል እንደሚገባው ነው፤ ለፈተና የሚዘጋጁት ወደውታል፣ የዩኒቨርሲቲዎቹም አንደኛ ዓመት ላይ የሚጠየቁትን ይመስላል ብለውኛል። እኔ እዚያ ላይ ጉልበቴን አልጨረስኩም።

እንግዲህ ማን ይሂድ? የ12ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ላኩት፤ ግን ሦስተኛው ክፍል ሳይደርስ እንዳያቋርጥ። ብዙዎቹ መጀመሪያው ቀላል ስለሆነላቸው «አውቄዋለሁ» ብለው ይቀራሉ፣ የሚጠቅማቸውም ያኔ ያመልጣቸዋል። ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ ከሆነ ከሁለተኛው ክፍል ጀምራችሁ መግባት ትችሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ «ክፍያው ያው ነው» ተብያለሁ፣ ቢሆንም ጠዋታችሁን ታተርፋላችሁ። ለሙያ ባልደረቦቼ፣ በገጽ የምታስከፍሉ ከሆነ አትሂዱ፤ ያከስራችኋል። እኔ ከዚያ ወዲህ በጉዳይ ነው የማስከፍለው። አንዳንዱ ደንበኛ ወረቀቱ አጭር ሲሆንበት ይከፋዋል፤ «ይህችን ለማን?» ይላል፤ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ግን አይከፋውም።

የራሳችሁን ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ አስተማሪው ከጥራዙ ይልቅ በሰው ጽሑፍ ላይ ነው የሚነቃው። ስትመዘገቡ ንጹሑን ቅጂ በቴሌግራም እንዲልክላችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ከበረንዳው በኩል ያለውን ረድፍ ያዙ፤ የሚዞረው ማራገቢያ ከዚያ በላይ ነው።